ኮፍያዋን መልሱልን

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ኮፍያ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሦስት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም የመዝገብ ቤት ቁጥር አላቸው። እኔም ልጄም አልቢኒዝም እንዳለብን፣ ከጆሮዬ ላይ ካንሰር ተቆርጦ እንደወጣልኝ ስለሚያውቁ አልደግመውም። ወደ ዕለቱ ልሂድ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ዩኒት ሊደሩ «ለባንዲራ ኮፍያ ይወልቃል» ብለው ከልጄ ራስ ላይ አነሱት። ይሁን፤ ለባንዲራ እኔም አወልቃለሁ። መዝሙሩ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ኮፍያው የተመለሰው 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያውም በጥበቃው እጅ ነው። ከ5 እስከ 6 ሰዓት ስፖርት ነበር፤ ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ የለም። የ8 ዓመት ልጅ «ጥላ ልግባ» ብላ ሁለት ጊዜ ለመነች። ማታ አንገቷና ጆሮዎቿ ውሃ ቋጠሩ። ፎቶው፣ የጤና ጣቢያው ወረቀት፣ የሦስት ወላጆች ቃል ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የመለሳችሁልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ኮፍያ የደንብ ልብሱ አካል አይደለም።» ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ፤ የፈጀው አራት ወር ብቻ ነው።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ፍረዱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሻው አየር ፀሐይዋን ለስላሳ ያስመስላታል፤ ሜላኒን የጎደለው ቆዳ ግን አይታለልም። የልጅነት ቃጠሎ ዕዳው ጎልማሳነት ላይ ይጠየቃል። እኔ በጆሮዬ ከፍያለሁ። እናቴ አታውቅም ነበር፤ ኃላፊ ሆይ፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ፣ በመዝገብ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉን ከልጄ ራስ ላይ ያነሳው ትምህርት ቤታችሁ ነው።

ሀገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። ስምምነቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግ አድልዎ ነው ይላል። ከኮፍያ የረከሰ ማመቻቸት ካለ ይንገሩኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ኮፍያዋን ብቻ ነበር። አሁን አይበቃኝም። ኮፍያና እጀ ረጅም ልብስ በጽሑፍ ይፈቀድ። የስፖርት ክፍለ ጊዜዋ ወደ ጠዋት ይዙር። አልቢኒዝም ዓይንንም ያደክማልና የፊት ወንበርና ፊደሉ የጎላ መጽሐፍ ይሰጣት። መምህራን ይሰልጥኑ፤ ሜዳው ላይ ዛፍ ይተከል፤ ጥላ የማይወድ ልጅ የለም። ከእርስዎ በላይ ላሉትም ያድርሱልኝ፦ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእኛ መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው። የኬንያ መንግሥት ለአልቢኖ ዜጎቹ በነጻ ያድላል፤ ታንዛኒያ ሞሺ ላይ «ኪሊሰን» የሚባል ቅባት እዚያው ይቀመማል። እኛ ምን ጎደለን?

ነገ ልጄ ኮፍያዋን አድርጋ ትመጣለች። የሚያወልቅ ካለ፣ ጃንጥላዬን ይዤ በር ላይ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት

ግልባጭ፦ ነገ ጠዋት ልጁን ለሰልፍ ለሚያደርስ ወላጅ ሁሉ