ስለ ኋላ ፍሬንና ስለ ቁልቁለታችን



ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ደጃቸው ላይ የኋላ ፍሬን ሊሠሩ ያነሷት የድሮ ዲኤክስ ከክሪክ ላይ ወርዳ፣ ቁልቁል ሄዳ በአጥር ተገታች። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን፤ ኳሱን ሊያነሳ የሮጠው ልጅ ግን ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ «መኪና ሰፈር ውስጥ መፍታት ይከልከል» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የፍሬን ሸራ መቀየር እጁ የለመደ ሰው በደጁ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለጋራዥ የሚከፈለውም ለቤት ቀለብ ይሆናል።

ጥፋቱ የመጣው አንድ ነገር ካለማስተዋል ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። ታምቡሩን ለማውጣት ደግሞ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ግድ ነው፤ አለዚያ ሸራው ነክሶ አያስወጣም። «ማርሽ አስገብቻለሁ እኮ!» ይባላል። የድሮዋ ዲኤክስም ሆነች ላዳ የምትሄደው በኋላ ጎማ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከወጣ ማርሹ ምኑን ይይዛል? ያን ጊዜ መኪናዋን የሚይዛት የፊት ጎማ ሥር የገባው ታኮ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ታኮው ምን ነበር ቢባል፣ የተሰበረ ብሎኬት!

ስለዚህ ሜዳ ቦታ ይፈለግ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባላቸው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ የብረት መደገፊያ ሳይገባ ማንም እጁን እንዳይሰድ።

ሌላው ብናኙ ነው። ታምቡሩ ሲወጣ በአፍ እፍ ማለት፣ በኮምፕሬሰር መንፋት ልማድ ሆኗል። በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር፤ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። ጎረቤት በርበሬ ካሰጣችበት አጠገብ ይህ ይደረጋል ወይ? በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም በፌስታል ታስሮ ይጣል።

የሞላዎቹን አገባብ የሚረሳ ሰው (ሁላችንም እንረሳለን) አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሂድ፤ ያልተፈታው እንደ ናሙና ይታያል። ታምቡር ወጥቶ ሳለ ልጅ መሪው ጋ አይቀመጥ፤ ፍሬን ከረገጠ ፒስተኖቹ ተገፍተው ይወጣሉ። ሸራው በፍሬን ዘይት ከራሰ ደግሞ ሲሊንደሩ ያፈስሳል ማለት ነው፤ እሱ ሳይሠራ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ከድንኳን ቋሚ ትራፊ አራት ታኮ አስጠርበናል። ዕቃ ቤት አሉ፣ ኪራይ የለውም፣ በዚያው ቀን ይመለሱ። ሥራው ሲያልቅም ፍሬኑ የሚሞከረው እዚያው ሜዳው ላይ ነው እንጂ ቁልቁለቱ ላይ አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ