የእናቶቻችን ጀርባ ስለ ምን ይጎብጣል?

በዘነበወርቅ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቷቸው በእጃቸው ቢመክቱ፥ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ዕድሜያቸው ከ54 ዓመት አይበልጥም። እኛም ልንጠይቃቸው ሄደን፥ «እንግዲህ እርጅና ነው፤ እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን ተመለስን። ቃላችን ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳነው ውለን አድረን ነው።

አጥንት እንደ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ነገር አይደለም። አሮጌው በየጊዜው ይፈርሳል፤ በቦታውም አዲሱ ይሠራል። በሴቶች ዘንድ ይህን የሚያመዛዝነው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። ልማደ አንስት፥ ይኸውም የወር አበባ፥ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ስለሚያንስ የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። የዚህም ጊዜ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት አንዲት ሴት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። መሳሳቱ ራሱ ሕመም የለውም፤ የሚታወቀው አንጓ ወይም ዳሌ ሲሰበር፥ አለዚያም የጀርባ አጥንት ተጨፍልቆ ቁመት ሲያጥር ነው። ስንቷን ጎባጣ እናት «የሸክም ነገር ነው» ብለን አልፈናት ይሆን!

ሰፈራችን ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ዛሬ ሌላውንም ሕመም ያክማል። በሥጋ ደዌ ምክንያት ነርቭ ሲቆጣ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ነርቭን ከጉዳት ያድናል፤ ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንትን ያሳሳል። ለአስምና ለቁርጥማትም የሚታዘዝላቸው አሉ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ስለ ሆነ፥ ልማዷ የተቋረጠ እናት «ለአጥንቴስ ምን ይደረግልኝ?» ብላ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። በፍስክ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። በጾም ጤፍ፥ ጎመንና ሰሊጥ ያግዛሉ፤ ነገር ግን በየቤታችን እናት የምትበላው ከሁሉ በኋላ ነው። ጎመኑ በልጆች ያልቃል፤ ለርሷ የድስቱ ጥግ ይቀራል። አጥንቷ የተሰበረባት ሴት ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር ነውር የለበትም። በእግር መሄድና ፀሐይ ማግኘትም ይጠቅማል።

የጎረቤታችን አንጓ ጠግኗል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግን፥ የዱሮ ቀሚሳቸው አሁን መሬት እንደሚጠርግ እየሳቁ ነገሩን። ሰኞ ጧት ወደ ሐኪም ይዘናቸው ሄድን።