ነሐሴ ላይ የሚበላው ዋና ገንዘብ

ነሐሴና መስከረም ለጣና ዓሣ ነጋዴ የሲሳይ ወራት ይመስላሉ። በዳንግላ ዙሪያ የዘነበው ውኃ በክልቲ ወንዝ ወርዶ ግልገል ዓባይን ሲሞላው፣ ዕንቁላል የያዘው ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ይጓዛል። አጥማጁ መንገዱን ስለሚያውቅ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ከላይ በኩል ደግሞ የተወቀጠ ብርብራ ውኃው ውስጥ የሚበትን አለ።

ይህ ትርፍ ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ መብላት ነው። ቆሮሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ዳር ሲሆን፣ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ግን ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አረጋግጠዋል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና በየወንዙ አፍ ጠባቂ ማቆም ቀላል አይደለም። ከጠባቂው ይልቅ ጉልበት ያለው ገዢው ነው። የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ በእነዚህ ሳምንታት ዕንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ አልረከብም ቢል፣ መረቡ ከወንዙ አፍ ይነሳል። አጥማጁም ሥራ አይፈታም፤ ሐይቁ መሃል ሊያጠምድ ይችላል።

ነጋዴው ለጊዜው ጥቂት ጭነት ይቀርበት ይሆናል። ነገር ግን የዘር እህሉን ነሐሴ ላይ ከሸጠ፣ የመጪዎቹን ዓመታት የሁዳዴ ገበያ በምን ሊያቀርብ ነው?