አንደኛ የተባለው ከማን መካከል ነው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ «እገሌ በዓለም አንደኛ ነው» የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ፣ ከማድነቃችን በፊት አንድ ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። ይኸውም፦ አንደኛ የሆነው ከማን መካከል ነው? የተመዘነውስ መቼና በምን ነው? የሚል ነው። ደረጃ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አጭር ስለ ሆነ ለማስታወስ ይቀላል። ዳሩ ግን በአጭርነቱ ውስጥ ብዙ ነገር ሊሸሽግ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ነጻ ትግል የደረጃ አሰጣጥ ያለኝን አስተያየት ላቀርብ አስቤአለሁ። ይህን ስፖርት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ከማን ጋር?» የሚለውን ጥያቄ አክብረው መልሱን በኪሎ ከጻፉት ስፖርቶች አንዱ ስለ ሆነ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ስፖርት ለፍትሕ ብሎ ያቆመውን ሚዛን፣ በምንጣፍ ላይ የተፈጸመውን እውነት ለመሰረዝ የተጠቀመበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ደንብ መሻሻል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴንም በተራ እዘረዝራለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትግል ለአገራችን ልጅ እንግዳ አይደለም። በባህል ስፖርቶቻችን መካከል ስሙ ይጠራል፤ በመስክ ላይ ከብት ሲጠብቅ ወይም በትምህርት ቤት ሜዳ ከጓደኛው ጋር ተያይዞ ያልወደቀ ወንድ ልጅም ጥቂት ነው። ነጻ ትግል የሚባለው በኦሊምፒክ ከሚደረጉት ሁለት የትግል ዐይነቶች አንዱ ነው። በሁለተኛው፣ ማለት በግሪክና ሮማ ትግል፣ ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ሲሆን፣ በነጻው ግን እግርን መያዝም መጥለፍም ይፈቀዳል። ጨዋታው ሦስት ሦስት ደቂቃ የሚቆዩ ሁለት ክፍለ ጊዜያት አሉት። የባላጋራውን ሁለት ትከሻዎች ከምንጣፉ ጋር ያጣበቀ ወዲያው ያሸንፋል፤ ይህ ካልሆነ ግን በነጥብ ይለያሉ። አንደኛው በ10 ነጥብ ከበለጠም ጨዋታው በዚያው ይቆማል።

በ1896 በአቴና በተደረገው በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ ትግል የክብደት ክፍል አልነበረውም። ያሸነፈው ካርል ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። እርሱም ቁመቱ አጭር የሆነ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሆን፣ ከጣላቸው አንዱ በዚያው ኦሊምፒክ ክብደት በማንሣት ያሸነፈው ብሪታኒያዊ ላውንስተን ኤሊዮት ነበር። «እንግዲያው ትንሹ ትልቁን መጣል ከቻለ ክፍል መለየት ምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ዳዊት ጎልያድን ስለ ጣለ፣ እረኛ ሁሉ ከጎልያድ ጋር ይግጠም ተብሎ አይፈረድም እላለሁ።

ነጻ ትግል በ1904 በሴንት ሉዊስ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ ሰባት የክብደት ክፍሎች ተበጁለት። ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያለው ክፍል ብዙ ዘመን ወሰን አልነበረውም። ስለዚህ በ1972 በሙኒክ የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሳንደር ሜድቬድ ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝን ከነበረው ከአሜሪካዊው ክሪስ ቴይለር ጋር ተገናኘ። ሜድቬድ ክብደቱ ከእርሱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም አሸነፈ፤ በዚያም ኦሊምፒክ ሦስተኛውን የወርቅ ሜዳዩን ወሰደ። ይህም ለጀግናው ክብር ነው፤ ለደንቡ ግን ክብር አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ለከባዱ ክፍልም 130 ኪሎ የሚል ወሰን ተደረገለት፤ ዛሬ ወሰኑ 125 ኪሎ ነው።

እንግዲህ የክብደት ክፍል ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እኩያ ከእኩያው ጋር ይግጠም፤ የ57 ኪሎው ሰው ጥበብ በ125 ኪሎው ሰው ሥጋ አይደምሰስ። ክፍል ባይኖር ኖሮ ቀጭኑ ሁሉ ገና ከደጁ ይመለስ ነበር። ስለ ክፍሎቹ መኖር እኔ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም።

ችግሩ የሚመጣው መሥመሩ የት ይሰመር ሲባል ነው። በ2018 በወጣው አከፋፈል መሠረት በዓለም ሻምፒዮና ለወንዶች ነጻ ትግል ዐሥር ክፍሎች ተወሰኑ፤ እነርሱም 57፣ 61፣ 65፣ 70፣ 74፣ 79፣ 86፣ 92፣ 97 እና 125 ኪሎ ናቸው። ለሴቶችም ከ50 እስከ 76 ኪሎ ዐሥር ክፍሎች ተሰጡ። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒኮች ግን ለወንዶችም ለሴቶችም የነበሩት ስድስት ስድስት ብቻ ናቸው። ከዚህም በላይ አንድ አገር በአንድ ክፍል የሚያሰልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የዚህን ውጤት በሁለት አሜሪካውያን ላይ እንመልከት። ጆርዳን በሮውስ በ2012 በለንደን በ74 ኪሎ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ካይል ዴክ ደግሞ በሮውስ ያንን ቦታ ይዞት ሳለ በ79 ኪሎ ታግሎ በ2018ና በ2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። 79 ኪሎ ግን በኦሊምፒክ ስለሌለ፣ ዴክ ወደ 74 ወርዶ በ2021 በተደረገው የአገራቸው ማጣሪያ በሮውስን አሸነፈና ወደ ቶኪዮ ሄደ። በዚያው ዓመት በኦስሎ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በሮውስ ወደ 79 ወጣ፤ ዴክ በ74፣ በሮውስም በ79 ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚህ የምንማረው፣ በኦሊምፒክ ሠንጠረዥ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ሁሉ ደካማ አለመሆኑን ነው። አንዳንዱ የቀረው ጥበብ አጥቶ አይደለም፤ ከአንድ ብርቱ ወገኑ ጋር በአንድ መሥመር ውስጥ በመወለዱ ነው።

ስለ ነጥብ አቆጣጠሩም ጥቂት ልበል። ዓለም አቀፉ የትግል ማኅበር ከ2018 ጀምሮ ለደረጃ የሚቆጠሩ ውድድሮችን በየዓመቱ ያዘጋጃል። ታጋዩ በእነዚህና በክፍለ ዓለም ሻምፒዮናዎች በያዘው ቦታ መጠን ነጥብ ያገኛል፤ ብዙ ነጥብ ያላቸውም በትልቁ ውድድር ገና በመጀመሪያው ዙር እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ ተራርቀው ይደለደላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ነጥብ የሚሰበስበው በውድድሩ የተገኘ ብቻ ነው፤ ለመገኘት ደግሞ የአውሮፕላን ዋጋና ጤና ያስፈልጋል። ገንዘብ ያጠረው አገር ልጅ ወይም የታመመ ሰው ከሠንጠረዡ ዝቅ ብሎ ቢታይ፣ የሚያሳየው ያልተገኘበትን ውድድር እንጂ የክንዱን ልክ አይደለም። በቶኪዮ በ68 ኪሎ የብር ሜዳይ ወስዳ ለናይጄሪያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የትግል ሜዳይ ያስገኘችውን ብለሲንግ ኦቦሩዱዱን ስናስብ፣ በአህጉራችን ስንት ያልተቈጠረ ኃይል ይኖር ይሆን ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። ሕንዳዊቱ ቪኔሽ ፎጋት ለብዙ ጊዜ የታገለችው በ53 ኪሎ ነበር፤ በዚህም ክፍል በ2019ና በ2022 በዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳይ አግኝታለች። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ግን የአገሯን የ53 ኪሎ ቦታ ሌላይቱ ታጋይ አንቲም ፓንጋል አስገኝታ ስለ ነበረ፣ ፎጋት ወደ 50 ኪሎ ወረደች። ነሐሴ 6 ቀን 2024 ጠዋት ተመዝና ከወሰኑ ሳታልፍ ገባች። በድልድሉ ከተመረጡት አልነበረችምና በመጀመሪያው ጨዋታ የደረሰቻት የክፍሉ አንደኛ፣ ጃፓናዊቱ ዩዊ ሱሳኪ ሆነች። ሱሳኪ በቶኪዮ አንድ ነጥብ እንኳ ሳይቈጠርባት ወርቅ የወሰደች ናት። ፎጋት በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ጥላት 3 ለ 2 አሸነፈች። ቀጥላ የዩክሬኗን ኦክሳና ሊቫችን 7 ለ 5፣ የኩባዋን ዩስኔይሊስ ጉስማንን 5 ለ 0 ረትታ ለወርቅ ጨዋታ ደረሰች።

በደንቡ መሠረት ታጋይ በሁለተኛውም ቀን ጠዋት ይመዘናል። ፎጋት በዚያች ሌሊት ስትሮጥ፣ በእንፋሎት ቤት ስታልብ አደረች፤ ጠጉሯ እንኳ እንዲያጥር ተደረገ። ጠዋት ስትመዘን 100 ግራም በለጠች። ወዲያው ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ስሟም ከሁሉ በታች ተጻፈ። ብሩን ያሸነፈቻት የኩባዋ ታጋይ፣ ወርቁን አሜሪካዊቱ ሣራ ሂልደብራንት ወሰዱ። ፎጋት ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አቤት ብትልም፣ ነሐሴ 14 ቀን አቤቱታዋ ተቀባይነት አላገኘም።

አንባቢ ሆይ፣ ሠንጠረዡን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህች ሴት በ50 ኪሎ ከነበሩት ሁሉ ደካማይቱ ናት። ይህ እውነት ነውን? በመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ ራሱ መስክሮላት ነበር። በዚያ ቀን ያሸነፈችው በተፈቀደው ክብደት፣ በዳኞች ፊት፣ በሕዝብ ምስክርነት ነው። የሁለተኛው ቀን 100 ግራም ሊከለክላት የሚገባው የሁለተኛውን ቀን ጨዋታ ነው እንጂ የትናንቱን መሆን የለበትም። ወርቁን በፎርፌ ታጣ፤ ብሩ ግን ይገባት ነበር እላለሁ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ደንብ ደንብ ነው፤ ዛሬ 100 ግራም ብንፈቅድ ነገ 200 ይጠየቃል» የሚል ነው። እኔ መሥመሩ ይንቀሳቀስ አላልሁም፤ በመሥመሩ ውስጥ የተሠራው አይሰረዝ አልሁ እንጂ። ሁለተኛው፣ «እንዲህ ከተደረገ የኩባዋ ታጋይ ብሩን ታጣ ነበር» የሚል ነው። አዎን፣ ለነሐስ ትታገል ነበር፤ እርሷ ምንም አላጠፋችም፤ ነገር ግን 5 ለ 0 ከተሸነፉበት ጨዋታ በላይ የሚያወጣ ደረጃ ለተቀባዩም ሙሉ ደስታ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ስለ ሕይወት ነው። ክብደትን በችኮላ መቀነስ ይገድላል። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ኮሌጆች ሦስት ወጣት ታጋዮች፣ ላብ በማውጣትና ውኃ በመከልከል ኪሎ ሲቀንሱ፣ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ማኅበር የእንፋሎት ቤትንና የላስቲክ ልብስን ከለከለ፤ ሚዛኑንም ወደ ጨዋታው ሰዓት አቀረበ። በዓለም አቀፉ ውድድር የሁለት ቀን ሚዛን የመጣውም ሰው ራሱን አድርቆ እንዳይመጣ ተብሎ ነው። ታዲያ «ቅጣቱ ከላላ ሁሉም ለአንድ ቀን ደርቆ ይመጣል» ቢባል ፍርሃቱ አግባብ አለው።

መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን የበለጠ ታጋይ ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ባለው ክፍል እንጂ በዚያው ክፍል እንዳይታገል ቢታዘዝ፣ ሰውነቱም ይድናል፤ ቅጣቱም ለነገ ይሆናል፤ የትናንቱም እውነት በቦታው ይኖራል። ከዚህ ጋር የኦሊምፒክ ክፍሎች ቢበዙ፣ በሁለት መሥመሮች መካከል የተወለደ ሰው ሥጋውን ለመቁረጥ አይገደድም። በ50ና በ53 መካከል ሦስት ኪሎ ብቻ ነው፤ ሦስት ኪሎ ግን ለቀጭን ሴት ልጅ የምትበላውና የምትጠጣው ውኃ ነው።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ መጻፌ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኛም በየዓመቱ የምንመዘን ስለ ሆንን ነው እላለሁ። በምስክር ወረቀታችን ላይ ደረጃችን በአንድ ቁጥር ይጻፋል። ወላጆቻችን «ስንተኛ ወጣህ?» ይላሉ፤ «ከነማን ጋር? ምንስ ሆነህ?» ብለው የሚጨምሩት ጥቂቶች ናቸው። ሌሊት በሥራ አድሮ ጠዋት የሚማረው፣ በፈተና ሰሞን የታመመው፣ ጎበዝ በበዛበት ክፍል የተመደበው፣ ሁሉም በአንድ ዐምድ ላይ ተራ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይታያል። ደረጃ ይቅር አልልም፤ ያለ ደረጃ ትጋት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። ነገር ግን መምህራኖቻችን አንድ ተማሪ በአንድ ቀን በጎደለው ምክንያት የዓመቱ ድካም እንዳይሰረዝበት ቢያስቡልን፣ ወላጆቻችንም ከቁጥሩ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩልን፣ ትልቅ ውለታ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ሚዛን የተሠራው ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ ነው። ይህን ሥራውን እስከ ሠራ ድረስ እናክብረው። የሆነውን እንዳልሆነ የሚያደርግ በሆነ ጊዜ ግን፣ ቁጥሩን ከማመናችን በፊት ከምንጣፉ ላይ የሆነውን እንጠይቅ።