ዘበኛ የሌለው በር

በሀገራችን ልማድ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚመከርበት ነገር በሩ ነው። ወዴት ይዙር፣ ማን ይጠብቀው፣ ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋ ይባላል። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ግን በአንድ ግቢ ሁለት በር ያላቸው ቤቶች አሉ። አንደኛው ወደ መንገድ የሚያስወጣው ነው፤ እርሱ ዘበኛ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ውሻም አለው። ሁለተኛው ከግቢው ጫፍ ወደ ሐይቁ የተዘረጋው የእንጨት መሳፈሪያ ነው። ይህኛው ዘበኛም ቁልፍም የለውም፤ የሚያስወጣውም ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሆነ ውኃ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው በር ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በዓይናችን ያየነው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር በሚገኝ በአንድ ወዳጃችን ቤት አድረን ነበር። በውጭ ሀገር የሚኖር ወንድሙ ለልጆቹ ፓድልቦርድ የሚባለውን፣ በአየር ተነፍቶ በላዩ ቆመው የሚቀዝፉበትን ሳንቃ ልኮላቸው ኖሯል። ማታውን ሳንቃው ሲነፋ እኛም አብረን አየን፤ አደነቅንም። በማግሥቱ ጧት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። እናታቸው ቁርስ አቅርባ ልጆቹን ብትጣራ የሚመልስ ጠፋ። ወደ ውኃው ብንወርድ ሳንቃው በቦታው የለም። ከሳንቃው ጋራ የመጡት ሁለቱ የነፍስ አድን ሰደርያዎች ግን በምሰሶው ላይ እንደ ተሰቀሉ ነበሩ።

የእናቲቱ ፊት በዚያች ሰዓት ምን እንደሚመስል ለመጻፍ አንደፍርም። በሩቁ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ወደ እኛ ትቅረብ ወይም ትራቅ መለየት አይቻልም። ብንጮኽ ድምፃችን አይደርስም። ጥቂት ቆይቶ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ወደ ገበያ የሚመጣ የደንገል ታንኳ ወደ ነጥቧ ሲታጠፍ አየን። ቀዛፊው ሽማግሌ የአሥራ ሦስት ዓመቱን ወንድና የአሥር ዓመቷን ሴት ልጅ ከሳንቃቸው ጋራ እየጎተቱ አመጧቸው።

እናቲቱ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ከልክለው፣ «ልጄ፣ ልጆቹን አትቆጫቸው። እነርሱ ወደ ቤታቸው እየቀዘፉ ነበር፤ ነፋሱ ግን ወደ እኔ ያመጣቸው ነበር» አሏት።

ይህን ቃል ልብ እንበል። ቀን ፀሐይ ስትወጣ ምድር ከውኃው ቀድማ ትሞቃለች፤ ስለዚህ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል። ሌሊት ምድር ቀድማ ስለምትቀዘቅዝ ነፋሱ ተመልሶ ከምድር ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ እስከ ማለዳም ሊቆይ ይችላል። ከምድር የሚነሣ ነፋስ በዳርቻው አጠገብ ማዕበል አያስነሣም፤ ማዕበል የሚያድገው ነፋሱ በውኃው ላይ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ በመሳፈሪያው ላይ የቆመ ሰው ውኃው የተኛ ይመስለዋል። መሄዱ ቀላል ይሆንለታል፤ ጉልበቱም የበረታ ይመስለዋል። ፊቱን ሲመልስ ግን በጀርባው የነበረው ነፋስ ፊት ለፊቱ ነው። የቆመ ሰው አካልም ነፋስን እንደ ሸራ ይቀበላል። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በከንቱ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይመጣል። የጣና ጥልቀት ከፍተኛው 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደራራቢ ስለ ሆነ ትንሽ ሳንቃን ይገለብጣል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ከከተማው ወደብ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዘጌ ገዳማት ስንሳፈር ቢያንስ ጀልባ ነጂው ስንት ሰው እንደ ጫነ ያውቃል፤ ካልተመለስንም የሚጠይቅ አለ። በግል መሳፈሪያ ግን ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ገባ የሚቆጥር የለም። በዚያ ጧት የጎደለው ይህ ነበር። ሳንቃው መልካም ሳንቃ ነበር፤ ሰደርያውም ተገዝቶ ነበር። የጎደለው ቆጣሪ ነው። ማታውን ሳንቃውን ያደነቅን እኛ ትልልቆቹ፣ ጧት ማን ይጠብቀዋል ብለን አልተጠያየቅንም። ስለዚህ ጥፋቱ ከልጆቹ ይልቅ የእኛ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥርዓት ይህ ይሁን፤ ማንም ሰው ለአንድ ትልቅ ሰው ሳይናገር ወደ ውኃ አይውረድ። ከማን ጋራ፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይናገር። ልጆች በውኃ ላይ ሳሉም አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ከእነርሱ ሳያነሣ በዳር ይቀመጥ። ቡና እያፈሉ ወይም ስልክ እያዩ መጠበቅ መጠበቅ አይደለም። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃ በላይ ሲወጣ የሚበቃው ለመተንፈስ ብቻ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በመስጠም ይሞታሉ፤ ከእነርሱም አራት አንድ እጅ ያህሉ ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል።

ሁለተኛ፣ የነፍስ አድን ሰደርያው በምሰሶ ላይ ሳይሆን በደረት ላይ ይሁን፤ መቆለፊያዎቹም ሁሉ ይቆለፉ። ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገሩ እናቶችና እኅቶች ሰደርያውን ከነጠላው በላይ ይልበሱ። በአንገት የተጠመጠመ ነጠላ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እጅንም ያስራል። ይህን ማድረግ የእምነት ጉድለት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ጸሎት የሚያደርስ ሰው ቤቱን ሳይቆልፍ አያድርም።

ሦስተኛ፣ ከሳንቃው አትለዩ። ሁለቱን ልጆች ያዳናቸው ወንድየው ዋኝቼ ልሂድ አለማለቱ ነው። ነፋስ ሲበረታ ተንበርክኮ፣ ሲብስም በደረት ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ ይሻላል። ሳንቃው ከሰው እንዳይለይ በሐይቅ ላይ በቁርጭምጭሚት የሚታሰር ገመድ አለው። በሚፈስ ውኃ ግን ያው ገመድ በግንድና በድንጋይ ተጠምዶ ሰውን ከውኃ በታች ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበትና የጨረጨራ ግድብ ወዳለበት አቅጣጫ በሳንቃ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። በዚያ ውኃው ራሱ ይጎትታል።

አራተኛ፣ ሰዓትና ቦታ ይመረጥ። ጉማሬ ሌሊት ወደ ምድር ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል። በእርሱና በውኃው መካከል መገኘት ክፉ ነው፤ ስለዚህ ንጋትና ምሽት ለቀዘፋ አይሆኑም። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ እስከ ረፋዱ ድረስ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ያውም ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ታይቶ፣ ከዳርቻው ሳይርቁና ከደንገሉ ጥሻ ተለይተው ነው። ጀልባዎች ከሚመላለሱበት መስመርም መራቅ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሳንቃ ለጀልባ ነጂ አይታየውምና ልብሱ ብርቱካን ወይም ቢጫ ይሁን። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭም በነፋስ የሚንሳፈፍ ስለ ሆነ፣ ትናንት ባዶ የነበረውን ቦታ ዛሬ ዘግቶት ይገኛል።

አምስተኛ፣ የሚሳፈሩበት ነገር ሳይመረመር ወደ ውኃ አይግባ። በዚህ ረገድ የጣና ታንኳ ሠሪዎች አስተማሪዎቻችን ናቸው። ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ያውቃሉና ታንኳውን ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥተው ያቆሙታል፤ ይንጠፈጠፋል፣ ይደርቃል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን ለመሻገር ራ የተባለችውን ታንኳ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ያቺ ታንኳ ውኃ ጠጥታና ተፈታትታ ከግቡ ሳትደርስ ቀረች፤ በ1962 ዓ.ም. የተሠራችው ሁለተኛይቱ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። በአየር የሚነፋውም ሳንቃ እንዲሁ ነው፤ አየሩ እንዳልጎደለ፣ ስፌቱም እንዳልተላቀቀ ሁልጊዜ ይታይ። በፀሐይ ውሎ ሲግል አየሩ ተወጥሮ ስፌቱን ሊጎዳው ስለሚችል በጥላ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፣ በመሳፈሪያው ላይ ረጅም ዘንግና በገመድ የታሰረ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን አይታጣ። ሰው ሲሰጥም ዘሎ የገባ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ዘንጉን አቀብሉት፤ ካልደረሰ ጀሪካኑን ወርውሩለትና በገመዱ ጎትቱት።

በመጨረሻም፣ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንዳለ አይዘንጋ። ተውሳኩ ቆዳ በስቶ የሚገባው ቀንድ አውጣ በሚገኝበት ጥልቀት የሌለውና ሣር የበዛበት ውኃ ነው። ልጆች በዚያ ተዘፍዝፈው አይዋሉ፤ ወደ ውኃው አዘውትሮ የሚገባ ቤተሰብም በጤና ጣቢያ ይመርመር፤ መድኃኒት አለውና።

ወዳጃችን ያን ቀን ምን እንዳደረገ ነግረናችሁ እናብቃ። በምሰሶው ላይ ለቤተሰቡ ቁጥር ያህል ሚስማሮች መትቶ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ሰደርያ ሰቀለ። ወደ ውኃ የሚወርድ የራሱን ያወርዳል፤ የተመለሰ መልሶ ይሰቅላል። ባዶ ሚስማር ካለ አንድ ሰው በውኃ ላይ አለ ማለት ነው። እናቲቱም ማታ ማታ የመንገዱን በር ከማስዘጋቷ በፊት ወደ ሐይቁ ወርዳ ሚስማሮቹን ትቆጥራለች።

በውኃ ዳር የምትኖሩ ቤተሰቦች ሆይ፣ ሳንቃም ይኑራችሁ ታንኳ፣ ዛሬ ማታ ወደ ሁለተኛው በራችሁ ውረዱና ቆጣሪው ማን እንደ ሆነ ተስማሙ።