የዶርሙ ኪራይ የት ይገባል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ተሰልፎ የፈረመው ውል አለ፤ የወጪ መጋራት ውል፣ በተማሪው አፍ ኮስት ሼሪንግ። የትምህርቱ፣ የምግቡና የማደሪያው ወጪ እዚያ ላይ ለየብቻ ተጽፏል። አብዛኛው ተማሪ ሳያነብ ይፈርምና ይረሳዋል። የሚያስታውሰው ተመርቆ ዋናውን ዲግሪ ሊወስድ ሲሄድ «መጀመሪያ ዕዳህን ከፍለህ ና» በተባለ ቀን ነው። እኔን የሚገርመኝ የማደሪያው መስመር ነው። በሕጉ መሠረት ከ1995 ወዲህ ዶርም ነጻ ሆኖ አያውቅም። ደንብ ቁጥር 91/1995 ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ግን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን አዟል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሃያ ዓመት ያለፋቸው አከራዮች ናቸው፤ ተማሪውም የዱቤ ተከራይ ነው።

ችግሩ አከራዩ ኪራዩን አለመቀበሉ ነው። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፤ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል። ሥራ ያጣው፣ በግሉ የሚሯሯጠው፣ ባሕር የተሻገረው ደግሞ ዲግሪው እስኪያስፈልገው ድረስ ብቅ አይልም። ተማሪው አራት ዓመት ተኝቶበት የወጣው ሕንጻ ከዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ላለው አከራይ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው የሚኖረው በዓመታዊ በጀት ነው፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ደግሞ አስተዳደር ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥገና። መምህር ደመወዝ ካልተከፈለው ይቀራል፣ ተማሪ ካልበላ ይጮኻል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ምንም አይልም።

የምግቡን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው 15 ብር ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቶ 22 ብር ሆነ። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት የማይቻል መሆኑ ሲታወቅ፣ ነገሩ ምክር ቤት ደርሶ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ይበል የሚያሰኝ ነው፣ ቢዘገይም። የማደሪያውን ተመን ግን እንዲህ በአደባባይ ያነሣ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ በክሊራንስ ሰሞን፣ አንድ የሴቶች ዶርም በር ላይ ቆሜ ነበር። ፕሮክተሯ፣ ተማሪዎቹ «ማዘር» የሚሏቸው ሴትዮ፣ ደብተራቸውን ዘርግተው እያንዳንዷን ልጅ ፍራሽ፣ የበር ቁልፍ፣ ሎከር እያሉ ያወራርዷታል። አንዷ የሎከር ቁልፍ ጠፍቶባት ኖሮ የከፈለችበትን ደረሰኝ ይዛ መጣች። ማዘር ደረሰኙን ገልብጠው አዩት፣ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ ፈረሙላት። አሠራሩ ልቅም ያለ ነው። ከኋላቸው ያለው የመታጠቢያ ቤት በር ግን ማጠፊያው ወልቆ በሽቦ ታስሯል። ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ደረጃውን አርሶታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ውሃ ስለማይወጣ ልጆቹ በጀሪካን ያመላልሳሉ። መቼ እንደተበላሸ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። «ጽፌ ሰጥቻለሁ። በጀት ሲለቀቅ ይላሉ።»

ለጠፋ ቁልፍ ከተማሪ ገንዘብ የሚቀበል ሥርዓት አለ፤ ለወለቀ በር ገንዘብ የሚያወጣ ሥርዓት የለም። ያ ሕንጻ ክረምትም አያርፍም። ሰኔ ላይ ተማሪው ሲወጣ በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ መምህራን ይገቡበታል፤ ቀለም የሚቀባበት፣ ቧንቧ የሚፈታበት ጊዜ እንኳ ተጣቦ ነው የሚገኘው።

አሁን ደግሞ ወሬው ተቀይሯል። ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኖ መንገዱን ጀምሯል፤ ሌሎችም ተራ ይጠብቃሉ። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ገቢውን ራሱ ማሰብ አለበት። ስለዚህ «በራሳችን መሬት ላይ ቤት ሠርተን ለተማሪ ብናከራይስ» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሲያዩት የማይከስር ንግድ ይመስላል። መሬቱ አለ፣ ተከራዩ በር ላይ ቆሟል፣ ደላላ አያስፈልግም።

እስቲ እናስላው። አንድ አልጋ፣ ከክፍሉ፣ ከደረጃው፣ ከመታጠቢያው፣ ከውሃና ከመብራት መስመሩ ድርሻው ተደምሮ፣ 400 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። ግምት ነው፤ ነገር ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብረትና ሲሚንቶ የገዛ ሰው አጋነንክ የሚለኝ አይመስለኝም። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ሰሞን ያወጣው የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ነው፤ ንግድ ባንክ ከዚያ በታች እንዲያበድር መጠበቅ ዘበት ነው። በ15 በመቶ ወለዱ ብቻ በዓመት 60 ሺህ ብር ይሆናል። መደበኛው ተማሪ ግቢ ውስጥ የሚቆየው አሥር ወር ስለሆነ በወር 6 ሺህ ብር ማለት ነው። ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም፤ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ አምፖሉ አልተቆጠረም።

6 ሺህ ብር ማለት በ2018 መጀመሪያ የተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። ዲግሪ ይዞ የሚቀጠረው መነሻው 11 ሺህ 500 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት የምትሠራ እናት የወር ደመወዟን ሳትነካ አውጥታ ብትሰጥ የምትከፍለው የልጇን አልጋ ወለድ ብቻ ነው። የግንባታውን ዋጋ በግማሽ ቀንሱት፤ 3 ሺህ ብር፣ ያም የደመወዟ ግማሽ። ልጁ ራሱ ተመርቆ ይክፈል ከተባለም ዩኒቨርሲቲው ለባንኩ በየወሩ እየከፈለ የእሱን ገንዘብ ዓመታት ሊጠብቅ ነው፤ ብሩ ደግሞ በቆየ ቁጥር ዋጋው እየረገፈ ነው የሚመጣው። በብድር የተሠራ ዶርም በተማሪ ኪራይ ዕዳውን ይከፍላል የሚል ሰው ወለዱን ማን እንደሚሸከም መጀመሪያ ይንገረን።

ዋጋው ቢታለፍ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። የሚከራይ ቤት የሚያዋጣው ሲሞላ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት በቁጥር 27 ሺህ 267። እነዚህን ከ40 ለሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ብናካፍላቸው ለአንዱ 700 እንኳ አይደርስም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ላላለፉት የተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያልም፣ ቀዳዳውን በመጠኑ ሸፍኖታል። ፈተናው ለምን ጠበቀ አልልም፤ መጥበቅ ነበረበት። ግን ብዙዎቹ ሕንጻዎች የታቀዱት ተማሪ እንደ ጎርፍ ይገባ በነበረበት ዘመን ነው። ሰው ያልተኛበት ብሎክም ዘበኛ ይፈልጋል፣ ጣሪያውም ያፈሳል።

አዲስ አበባ ስትመጡ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። የግል ኮሌጅ ተማሪዎችና ዶርም ያልደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ለአራት ተከራይተው፣ አንዱ በስሙ ተዋውሎ ሌሎቹ ደባል ሆነው ይማራሉ። የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ወጥቶ ጭማሪውን ለመግታት ቢሞከርም፣ ስማቸው ውሉ ላይ የሌለው ሦስቱ ልጆች ማንን ይከሳሉ? አልጋው ያለው አንድ ቦታ፣ ተኚው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አልጋ ደግሞ በአይሱዙ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፣ ሕንጻ ግን አይጫንም።

«ኬንያ እንዴት ቻለች?» የሚል ይኖራል። ናይሮቢ ውስጥ አኮርን የሚባል ኩባንያ «ክዌቱ» እና «ቄጃኒ» በሚሉ ስሞች የተማሪ መኖሪያዎች ገንብቶ ያከራያል። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 4.3 ቢሊዮን ሽልንግ በቦንድ ሰብስቧል፤ ወለዱ 12.25 በመቶ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፣ ያዋጣልም። ነገር ግን በደንብ እንየው። ኩባንያው የግል ነው፤ ኪራዩን የሚተምነው ገበያው ነው፤ ቄጃኒ ረከስ ብሎ የተሠራ ቢሆንም ተከራዩ የመክፈል አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው። ቦንዱን ለገዙትም ጋራንትኮ የሚባል የውጭ ተቋም ለገንዘቡ ከፊል ዋስ ሆኖላቸዋል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተከራይ አይመርጥም። ትምህርት ሚኒስቴር የመደበለትን፣ ከገጠር አንዲት ሻንጣ ይዞ የመጣውን ልጅ ይቀበላል። መቀበልም አለበት፤ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ለዚያ ነው።

እኔ ያለኝ ሐሳብ ጠባብ ነው። ዶርም የግንባታ ወጪውን በኪራይ አይመልስም፤ ያንን የመንግሥት ካፒታል በጀት ይሸከመው፣ ስሙም ድጎማ ተብሎ ይጠራ። የዕለት ወጪውን ግን ሊመልስ ይችላል። አሁን የቆሙት ብሎኮች በበጀት የተሠሩ ናቸው፣ የባንክ ዕዳ የለባቸውም። 400 አልጋ ያለው አንድ ብሎክ ከእያንዳንዱ አልጋ በወር 300 ብር ቢታሰብለት በአሥር ወር 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ሕንጻ አይሠራም። የቧንቧ ሠራተኛ ግን ይቀጠርበታል፣ በር ይጠገንበታል፣ ፍራሽ ይቀየርበታል። መክፈል የማይችለው ተማሪ እንደ ድሮው በውሉ ይፈርም፤ የእሱን ድርሻ መንግሥት አሁኑኑ ለብሎኩ ይክፈልና ነገ ከደመወዙ ይቀበለው። በክረምት የሚገቡት መምህራን የሚከፈልላቸው ገንዘብም የማደሪያው ድርሻ ተለይቶ እዚያው ይግባ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ለብቻው የተከፈተ ሂሳብ ነው፤ ከደመወዙ፣ ከመኪና ነዳጁ፣ ከአበሉ ጋር የማይቀላቀል፣ በየብሎኩ የገባውና የወጣው የሚለጠፍበት። አሜሪካ ያሉ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መኖሪያን የሚያስተዳድሩት እንዲሁ ነጥለው ነው፤ የማስተማሪያው በጀት እዚያ አይገባም፣ የኪራዩም ገንዘብ ከዚያ አይወጣም። እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ «ገቢው የመንግሥት ነው፣ እጃችን ታስሯል» ይባል ነበር፤ ለሌሎቹ አሁንም የገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠይቅ ይሆናል። ራስ ገዝ የሆነው ግን እጁ ተፈትቷል። ቦርዱ ለአዲስ የኪራይ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት የነባሮቹን ዶርሞች የአንድ ዓመት ገቢና ወጪ በየብሎኩ ለይቶ ያውጣልን።