የባሕር ማዕበል እስከ የት ይደርሳል?

ከአንኮበር ገመገም ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የአፋርን ቆላ ያያል እንጂ ባሕር አያይም። የደብረ ብርሃን ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ናት። እንግዲህ የውቅያኖስ ማዕበል ነገር ለሸዋ ደገኛ ምን ይረባዋል የሚል ሰው አይታጣም።

በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ውሃውን እየገፋ በጠረፍ ላይ ይከምረዋል። የአየሩ ግፊት መቀነስም ውሃውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ዋናው ገፊ ግን ነፋሱ ነው። ባሕሩ ጥልቅ ከሆነ የተገፋው ውሃ በሥር ተመልሶ ይሸሻል፤ ጥልቀት ከሌለው ግን መሄጃ አጥቶ ወደ የብስ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ርቀቱን የሚወስነው የምድሩ ሜዳነት ነው። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ጠረፍ ከ8 ሜትር በላይ ውሃ አንሥቶ በብዙ ስፍራ 10 ኪሎ ሜትር፣ በወንዞች በኩል ደግሞ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘልቆ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ናርጊስ በበርማ የኢራዋዲ ወንዝ ደለል ሜዳ ላይ ሲወርድ ውሃው ከዚህም ርቆ ገባ፤ የሞቱትና የጠፉት ከ130,000 ሰዎች በላይ ናቸው።

ውሃው ተራራ አይወጣም። የቀድሞ የሸዋ ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ወደ ታጁራ የወረደበትን መንገድ ተከትሎ የሚመጣ ማዕበል የለም። ዝናቡ ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በሶማሌላንድ ጠረፍ ላይ ዐርፎ ጂቡቲን በጎርፍ ሲመታ፣ ዝናቡ እስከ እኛው ሶማሌ ክልል ደርሷል። በዚያው ወር መኩኑ ኦማንን መታ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን ተከተለው። የሁለቱም ማዕበል በጠረፉ ቀረ። ዝናባቸው ግን ሩብዕ አል ኻሊ በሚባለው የዐረብ በረሃ ውስጥ ገብቶ በአሸዋው ክምር መካከል ሐይቅ ሠራ፤ ሣር በቀለ፤ አንበጣም ያለ ተመልካች ተራባ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በሦስት ትውልድ 8,000 እጥፍ እንደ ሆነ ገምተዋል።

በደብረ ብርሃን የግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ወጣት ሹም የሳይክሎን ወሬ በሰማ ጊዜ፣ ዝናቡ በየትኛው በረሃ ላይ ወረደ ብሎ ቢጠይቅ ከሥራው አልወጣም። መንጋው በየመን በኩል ባሕሩን ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያ ገባ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም የወሎንና የሰሜን ሸዋን ቆላ ማሽላና ጤፍ በላ። መኩኑ ኦማንን ከመታበት ቀን አንሥቶ አንበጣው አገራችን እስከ ገባበት ጊዜ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ነበረ።